ታንኩ ሥር ያቆረው ውሃ ከየት መጣ?

የአንባቢ ጥያቄ፦

«የምንኖረው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የገዛነው ቤት አሮጌ ሲሆን የሚሞቀው በራዲያተር ነው። ምድር ቤቱ ውስጥ የራዲያተሮቹን ውሃ የሚያሞቅ፣ በጋዝ የሚሠራ ቦይለር አለ፤ ከአጠገቡም የመታጠቢያና የወጥ ቤት ውሃ የሚሞቅበት ታንክ ቆሟል። ታንኩ ከቦይለሩ ጋር በሁለት ቱቦ የተያያዘ ነው፣ የራሱ እሳትም ጭስ ማውጫም የለውም። የተለጠፈበት ወረቀት እ.ኤ.አ. በ2012 መሠራቱን ያሳያል። ብርድ ከገባ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ታንኩ ሥር ውሃ አቁሮ እናገኛለን። ከቦይለሩ ጎን ወደ ወለሉ ከሚወርደው የመዳብ ቱቦም ጠብ ጠብ ስለሚል ትንሽ ባልዲ አስቀምጠንለታል። የቦይለሩ መለኪያ 28 ያነባል። አንድ ባለሙያ ቆሞ አየና ታንኩ ተበስቷል፣ ቦይለሩም አርጅቷል፣ ሁለቱም ይቀየሩ ብሎ ከአቅማችን በላይ የሆነ ዋጋ ጠራልን። ሌላው ደግሞ እንደዚሁ አየና ቫልቭ ብቻ ነው አለ። የባለቤቴ ወንድም የሚያንጠባጥበውን ቱቦ በክዳን እንድፈነው ይላል። ማንን እንመን?»

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣ ለጊዜው ማንንም አይመኑ። ሁለቱ ባለሙያዎች ከተናገሩት ውስጥ እውነት ሊኖር ይችላል፤ ሆኖም እንደጻፉልን ከሆነ ሁለቱም በዓይን አይተው ፈረዱ እንጂ አንዳቸውም ቫልቭ ዘግተው መለኪያውን አልተከታተሉም። ውሃ የሚታየው በወጣበት ሳይሆን ባረፈበት ስለሆነ፣ ታንክ ሥር የቆመ ውሃ ታንኩ ለመበሳቱ ማስረጃ አይሆንም። መጀመሪያ መታወቅ ያለበት የሚፈሰው የትኛው ውሃ እንደሆነ፣ ቀጥሎም መቼ እንደሚፈስ ነው። ለዚህ የሚያስፈልግዎ ሶፍት፣ ሰፋ ያለ ባልዲ፣ የእጅ ባትሪና ብርዱ ያልጠነከረበት አንድ የእረፍት ቀን ነው።

የባለቤትዎ ወንድም ያሉት ግን ለሙከራ እንኳ አይታሰብ። ያ የመዳብ ቱቦ የቦይለሩ የደኅንነት ቫልቭ መውጫ ነው። በመኖሪያ ቤት ቦይለሮች ላይ ይህ ቫልቭ በተለምዶ ግፊቱ 30 ፒኤስአይ (በአሜሪካ የግፊት መለኪያ) ሲደርስ ተከፍቶ ውሃ እንዲያስወጣ ሆኖ የተሠራ ነው። ታንኩም የራሱ የደኅንነት ቫልቭ አለው፤ እሱ የሚከፈተው ግፊቱ 150 ፒኤስአይ ወይም ሙቀቱ 210 ዲግሪ ፋራናይት ሲደርስ ነው። መቆጣጠሪያው ተበላሽቶ እሳቱ አልጠፋ ቢል፣ በዝግ ብረት ውስጥ የሚሞቀው ውሃ መተንፈሻ የሚያገኘው በእነዚህ ቫልቮች ብቻ ነው፤ መውጫቸው ተደፍኖ የፈነዳ ቦይለር ወይም ታንክ ቤት አፍርሶ ያውቃል። የሚያንጠባጥብ የደኅንነት ቫልቭ ወይ ሥራውን እየሠራ ነው፣ ወይ ራሱ አርጅቷል፤ በሁለቱም በኩል መፍትሔው መድፈን አይደለም።

ምርመራውን ከመጀመርዎ በፊት ሁለት ነገሮች የት እንዳሉ ለይተው ይወቁ፣ ለቤተሰቡም ያሳዩ። አንደኛው ቀዝቃዛ ውሃ ወደ ታንኩ የሚገባበት ቫልቭ ነው። ታንኩ አንድ ቀን በእርግጥ ቢቀደድ የሚፈሰው በውስጡ ያለው ውሃ ብቻ አይደለም፤ ከከተማው መስመር ጋር ስለተያያዘ ሰው መጥቶ እስኪዘጋው ድረስ ሳያቋርጥ ይፈሳል። ሁለተኛው የቦይለሩ ማጥፊያ ነው፤ ብዙ ጊዜ ቀይ ክዳን ያለው ሆኖ በምድር ቤቱ ደረጃ አናት ላይ ወይም ከቦይለሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ይገኛል። ወደ ራዲያተሮች የሚሄደው ውሃ እስከ 180 ዲግሪ ፋራናይት ስለሚሞቅ፣ ቦይለሩ ጠፍቶ በደንብ ሳይቀዘቅዝ ቱቦና ቫልቭ በባዶ እጅ አይንኩ። ያቆረው ውሃ የኤሌክትሪክ ገመድ የሚደርስበት ቦታ ከሆነም መብራቱ ሳይቋረጥ አይርገጡት።

አሁን ወደ ዕቃው አሠራር እንምጣ። አዲስ አበባ ላደገ ሰው ይህ ነገር ግራ ቢሆን አይደንቅም፤ እዚያ የለመድነው ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ ውሃውን በውስጡ ባለ የኤሌክትሪክ ዘንግ የሚያሞቅ ታንክ ሲሆን ቤቱን የማሞቅ ሥራ የለበትም። የእርስዎ ታንክ ግን ሙቀቱን ከቦይለሩ ይዋሳል። ሆዱ ውስጥ የተጠማዘዘ ረጅም የብረት ቱቦ አለ፤ ባለሙያዎች ኮይል ይሉታል። በኮይሉ ውስጥ የሚዞረው የቦይለሩ ውሃ ነው፣ በኮይሉ ዙሪያ ያለው ደግሞ ከከተማው መስመር ገብቶ ወደ መታጠቢያ ቤትዎ የሚሄደው ውሃ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ይተላለፋሉ እንጂ አይቀላቀሉም። ስለዚህ በዚያ ክፍል ውስጥ ሁለት ዓይነት ውሃ አለ ማለት ነው፣ ሁለቱም የተለያየ ግፊት አላቸው። የከተማው ውሃ ወደ ቤት ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 80 ፒኤስአይ ይሆናል። የቦይለሩ ውሃ ግን ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ውስጥ ሲቀዘቅዝ 12 ገደማ፣ ሲሞቅ ደግሞ እስከ 20 ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ብሎ መገኘት አለበት።

ይህ የግፊት ልዩነት የምርመራው ቁልፍ ነው። ኮይሉ ቀዳዳ ካበጀ፣ ከፍተኛ ግፊት ያለው የከተማው ውሃ ወደ ቦይለሩ ይገባል እንጂ ወደ ወለሉ አይወጣም። ታንኩ ውጪው ደረቅ ሆኖ ሳለ የቦይለሩ ግፊት ቀስ በቀስ ይወጣና 30 ሲደርስ የደኅንነት ቫልቩ ይከፈታል፤ በሽታው ታንኩ ውስጥ ሆኖ የሚያለቅሰው ቦይለሩ ነው። የታንኩ አካል ከተበሳ ግን የቦይለሩ መለኪያ ምንም ለውጥ አያሳይም፣ ውሃው በቀጥታ ወደ ወለሉ ይወርዳል። የመጀመሪያው ባለሙያ «ታንኩ ተበስቷል» ሲል ስለ 28ቱ ምንም ካላነሣ፣ ያየው ግማሹን ነው።

ስለ 28ቱ ግን አንድ ነገር ያረጋግጡልኝ። ብዙ ቦይለሮች ላይ ያለው መለኪያ በአንድ ክብ ፊት ላይ ግፊትንም ሙቀትንም አብሮ ያሳያል፤ አንዳንዱ በጫማ (ፊት በሚባለው የርዝመት መለኪያ) የተጻፈ የውሃ ከፍታ ይጨምርበታል። ያነበቡት ፒኤስአይ የሚል የተጻፈበትን መስመር ከሆነ ልክ ነው። የውሃ ከፍታውን አንብበው ከሆነ ግን 28 ጫማ ማለት 12 ፒኤስአይ ገደማ፣ ማለትም ፍጹም ጤናማ ንባብ ነው። አሮጌ መለኪያ ደግሞ አንድ ቁጥር ላይ ተጣብቆ ሊቀር ይችላል፤ ጠዋት ቦይለሩ ቀዝቅዞ ሳለና ማታ በኃይል ሲሠራ ይመልከቱት፣ ጨርሶ ካልተንቀሳቀሰ በእሱ ላይ ተመሥርተው ምንም አይወስኑ።

ቀላሉን ፈተና እናስቀድም። ትንሿን ባልዲ አንሥተው በሰፊ ይተኩ፤ ከመዳብ ቱቦው የሚወጣው በሙሉ በውስጡ እንዲወድቅ ያድርጉ። የደኅንነት ቫልቭ ውሃ የሚያስወጣው በጠብታ ብቻ አይደለም፤ ሌሊት ቦይለሩ ሲበረታ አንዳንዴ ተከፍቶ አንድ ጊዜ ይረጭና ይዘጋል፣ ትንሽ ባልዲ ይህን አይዝም። የምድር ቤት ወለል ደግሞ ውሃው ወደ ማስወገጃው እንዲሄድ ትንሽ ዘንበል ተደርጎ ስለሚሠራ፣ ከቦይለሩ የፈሰሰው ውሃ ተንሸራቶ ታንኩ ሥር ቢያርፍ አያስገርምም። ወለሉን በደንብ አድርቀው አንድ ሌሊት ያሳድሩት። ጠዋት ባልዲው ሞልቶ ታንኩ ሥር ደረቅ ከሆነ፣ ስለ ታንኩ አካል መጨነቅዎን አቁመው በቀጥታ ወደ ግፊቱ ፈተና ይለፉ።

ታንኩ ሥር አሁንም እርጥብ ከሆነ የሶፍቱ ሥራ ይጀምራል። ታንኩ ላይ የሚገናኘውን እያንዳንዱን ቱቦ አድርቀው በሶፍት ይጠምጥሙት፦ ቀዝቃዛው የሚገባበትን፣ ሙቁ የሚወጣበትን፣ ከቦይለሩ የሚመጡትን ሁለቱን፣ የታንኩን የደኅንነት ቫልቭና ቱቦውን፣ ሙቀት መቆጣጠሪያው የተሰካበትን፣ ከታች ያለውን ማፍሰሻ። ከጥቂት ሰዓት በኋላ የራሰውን ይፈልጉ። ከራሱት መካከል ዋናው ከሁሉም ከፍ ብሎ ያለው ነው፤ ከእሱ በታች ያለው በሙሉ በእሱ ሊሆን ይችላል። መዳብና ብረት የሚገናኙበት ላይ አረንጓዴ ወይም ነጭ ቅርፊት ካዩ፣ ያ መገጣጠሚያ ከብዙ ጊዜ ጀምሮ በጥቂት በጥቂቱ ሲያፈስ ኖሯል ማለት ነው፤ ውሃው ስለሚተን ጠብታ ላያዩ ይችላሉ። ማፍሰሻው ብቻ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ከሁሉም ቀላል ነገር ገጠመዎት፤ የአትክልት ጎማ የሚታሰርበት ጥርስ ስላለው ቫልቩ እስኪቀየር የናስ ክዳን ከነላስቲኩ ይታሰርበታል። ማፍሰሻ የደኅንነት ቫልቭ ስላልሆነ ክዳን የሚፈቀደው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ወጥመድ አለ። የታንኩ ውጫዊ ሽፋን ስስ ቆርቆሮ ወይም ፕላስቲክ ሲሆን ከሥሩ ወፍራም ፎም አለ። ውሃ ከሽፋኑ የታችኛው ጠርዝ ዙሪያ ሲወጣ ሰው ሁሉ «ሆዱ ተበሳ» ብሎ ይደመድማል፤ ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ነገር ግን አናቱ ላይ ያለ መገጣጠሚያ በትንሹ ሲያፈስ ውሃው በፎሙና በሽፋኑ መካከል ወርዶ በዚያው ጠርዝ ይወጣል። ስለዚህ ፍርድ ከመስጠትዎ በፊት አናቱን በባትሪ ይመልከቱ፣ ቱቦዎቹ ወደ ሽፋኑ የሚገቡበትን ቀዳዳ ዙሪያ በጣትዎ ይዳስሱ። አናቱ ፍጹም ደረቅ ሆኖ ከታች እያረጠበ ከቀጠለ ግን ታንኩ አልቆለታል፤ የሚበየድ፣ የሚለጠፍ ነገር የለውም። በውስጡ በመስታወት መሰል ሽፋን የተለበጠ የብረት ታንክ ከ10 እስከ 15 ዓመት ካገለገለ ዕድሜውን ኖሯል፣ የእርስዎም በዚያው ክልል ውስጥ ነው።

አሁን የግፊቱ ፈተና። እኔ በደብዳቤዎ ላይ ያየሁት ዋና ፍንጭ እዚህ ያደላል፤ ቫልቭ በእጅዎ መክፈትና መዝጋት ካልደፈሩ፣ ይህን አንቀጽ ለሚመጣው ባለሙያ አንብበው ያሠሩት። ቦይለሩን አጥፍተው በደንብ ይቀዝቅዝ። ከከተማው መስመር ወደ ቦይለሩ ውሃ የሚጨምረው ቀጭን ቱቦ አለ፣ በላዩ ላይ ደወል የሚመስል የግፊት መቀነሻ ይቀመጣል፤ ከእሱ በፊት ያለውን ቫልቭ ይዝጉ። ከዚያ ከቦይለሩ ማፍሰሻ ጥቂት ውሃ ወደ ባልዲ ይልቀቁና መለኪያው 12 ላይ ሲደርስ ያቁሙ። ምንም ሳያበሩ ሁለት ሦስት ሰዓት ይጠብቁ። እሳት የለም፣ ውሃ የሚጨምረው መንገድ ተዘግቷል፤ ስለዚህ መርፌው ባለበት መቆም ወይም ትንሽ መውረድ አለበት። ይህ ሁሉ ተዘግቶ መርፌው ወደ 20፣ ወደ 25 ከወጣ ውሃ የሚገባበት የቀረው መንገድ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ኮይሉ ነው። ለማረጋገጥ ወደ ታንኩ የሚገባውን ቀዝቃዛ ውሃ ዘግተው አንድ የሙቅ ውሃ ቧንቧ በመክፈት የታንኩን ግፊት ያስተንፍሱ፤ የቦይለሩ ግፊት መውጣቱን ካቆመ ጥርጣሬው እርግጥ ሆነ።

መርፌው 12 ላይ ከቆመ፣ ቦይለሩ እንደጠፋ ውሃ መጨመሪያውን ይክፈቱት። አሁን ወጥቶ 15ን ካለፈና ካላቆመ፣ በሽታው የግፊት መቀነሻው ላይ ነው፤ ውስጡ ቆሻሻ ይዞት አልዘጋ ብሏል። እዚህም ከቆመ ቦይለሩን ያብሩና ራዲያተሮቹ በሙሉ እስኪሞቁ ይጠብቁ። ሲቀዘቅዝ 12 የነበረው ሲሞቅ ወደ 30 ከተጠጋ፣ የኤክስፓንሽን ታንኩ አልሠራም ማለት ነው። ፈተናው ሲያልቅ የዘጉት ቫልቭ ሁሉ ወደነበረበት መመለሱን ያረጋግጡ።

ኤክስፓንሽን ታንክ የምንለው ከቦይለሩ ቱቦ በታች እንደ ትንሽ የጋዝ ሲሊንደር ተንጠልጥሎ የሚታየው ነው። ውስጡ በላስቲክ ተከፍሎ በአንድ በኩል ውሃ፣ በሌላው በኩል አየር ይዟል። ውሃ ሲሞቅ መጠኑ ይጨምራል፤ ለምሳሌ ከ50 ወደ 140 ዲግሪ ፋራናይት ሲሞቅ 1.7 በመቶ ገደማ ያብጣል። ይህ ጭማሪ አየሩን ገፍቶ ቦታ ያገኛል። ላስቲኩ ሲቀደድ አየሩ ያልቅና ቦታው በውሃ ይሞላል፣ ጭማሪው መሄጃ ያጣና በደኅንነት ቫልቩ ይወጣል። ከታች እንደ መኪና ጎማ ያለ መንፊያ አለው፤ መሐሉን በእርሳስ ጫፍ ጫን ሲያደርጉት አየር በመውጣት ፈንታ ውሃ ከተረጨ ላስቲኩ ተቀዷል። በጣትዎ ሲያንኳኩት ከላይ እስከ ታች እንደ ድንጋይ የደነቆረ ድምፅ ከሰጠም ያው ነው፣ ጤናማው ከወገቡ በታች ባዶ ዕቃ ይመስላል።

እርስዎ «ብርድ ከገባ ወዲህ» ብለዋል። ከደብዳቤው ሁሉ ትልቅ ቦታ የሰጠሁት ለዚህ ቃል ነው። የከተማው ውሃ ግፊት በጋም ክረምትም እኩል ስለሆነ፣ ኮይሉ የተበሳ ቢሆን ባልዲው ሐምሌ ላይም ይሞላ ነበር። በበጋ ቦይለሩ የሚነሣው ለመታጠቢያ ውሃ ብቻ ነው፣ የራዲያተሮቹ ውሃ ቀዝቃዛ እንደሆነ ስለሚቆይ የሚያብጠው ጥቂት ነው። ብርድ ሲገባ ግን በቤቱ ቱቦና ራዲያተር ውስጥ ያለው ውሃ በሙሉ ይሞቃል፤ ደካማ ኤክስፓንሽን ታንክ የሚጋለጠው ያኔ ነው። ግምቴን ከወዲሁ ኤክስፓንሽን ታንኩ ላይ አደርጋለሁ፤ ኮይሉ በቅርቡ ተበስቶ ከብርዱ ጋር ገጥሞ ሊሆን ስለሚችል ግን ፈተናውን አይዝለሉት። የወጪው ልዩነት ትልቅ ነው፦ ኤክስፓንሽን ታንክ አንድ ባለሙያ በግማሽ ቀን የሚቀይረው ርካሽ ዕቃ ነው፣ የኮይል መበሳት ግን በአብዛኞቹ ሞዴሎች ታንኩን እንዳለ ማስቀየር ነው። ቦይለሩን የሚያስቀይር ነገር ግን ከሁለቱም ውስጥ አላየሁም። ጥገናው የትኛውም ቢሆን የደኅንነት ቫልቩም አብሮ ይቀየር፤ ለወራት ያንጠባጠበ ቫልቭ መቀመጫው ላይ ዝገትና ደለል ስለሚይዝ ግፊቱ ከተስተካከለም በኋላ ማንጠባጠቡን አይተውም።

የውሃው መልክና ሽታም ይረዳል። ብዙ ዓመት በራዲያተር ውስጥ የዞረ ውሃ ጠቆር ያለ፣ የብረት ሽታ ያለው ነው፤ የከተማው ውሃ ጥርት ያለ ነው። በነጭ ሳህን ከባልዲውና ታንኩ ሥር ካቆረው ለየብቻ ቀድተው ያስተያዩ። ነገር ግን ኮይሉ ከተበሳ የከተማው ውሃ ቦይለሩን ሲያጥበው ስለሚሰነብት የባልዲውም ውሃ ይጠራል፤ ከቦይለሩ የሚወጣው ውሃ እንግዳ በሆነ ሁኔታ ንጹህ ከሆነ እሱ ራሱ ወደ ኮይሉ የሚጠቁም ምልክት ነው።

ሶፍቱ የራሰው የታንኩ የራሱ የደኅንነት ቫልቭ ላይ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ የሚመረመረው የከተማው ውሃ ግፊት ነው። ከቤት ውጭ ባለው ቧንቧ ላይ የሚታሰር፣ ከፍተኛውን ንባብ ይዞ የሚቀር ቀይ መርፌ ያለው መለኪያ በቤት ዕቃ መደብሮች በርካሽ ይገኛል፤ የውጭው ቧንቧ ለብርዱ ተብሎ ተዘግቶ ከሆነ ምድር ቤት ያለው የልብስ ማጠቢያ ቧንቧም ያገለግላል። አንድ ሌሊት ያሳድሩት። ቀይ መርፌው ከ80 በላይ ካደረ ወደ ቤቱ በሚገባው ዋና መስመር ላይ ያለው የግፊት መቀነሻ ይታይ። ታንኩ በሚሞቅበት ሰዓት ብቻ ወደ 150 የሚወረወር ከሆነ ደግሞ የሚያብጠው ውሃ ወደ ከተማው መስመር እንዳይመለስ የሚከለክል ቫልቭ አለ፣ በቀዝቃዛው መስመር ላይ ግን ኤክስፓንሽን ታንክ የለም ወይም ሞቷል።

ቀዝቃዛ ቱቦ በእርጥበት አየር ላብ ማውጣቱ በዋሽንግተን አካባቢ የበጋ ችግር ስለሆነ በዚህ ወቅት አልጠረጥረውም። የዝናብ ውሃ ከወለሉ ስንጥቅ የሚገባ ከሆነም ዝናብ በሌለባቸው ቀናት ይደርቃል፤ ያን ያህል ማየት ይበቃል።

ምርመራው እስኪያልቅና ጥገናው እስኪደርስ ድረስ ሁለት ጥንቃቄ አይርሱ። ለመጠጥ፣ ለምግብ፣ ለቡናና ለሕፃን ወተት የሚሆን ውሃ ከቀዝቃዛው መስመር ብቻ ይቅዱ። በማንኛውም ጊዜ የሚመከር ነው፣ በተለይ ግን ኮይሉ የተጠረጠረበት ቤት ውስጥ የከተማው ውሃ በተቋረጠ ጊዜ የግፊቱ ሚዛን ተገልብጦ የቦይለሩ ውሃ ወደ መታጠቢያው መስመር ሊገባ ይችላል፤ በቦይለሩ ውስጥ የዝገት መከላከያ ወይም ፀረ በረዶ ኬሚካል ተጨምሮ እንደሆነ ደግሞ አያውቁም። ሁለተኛው፣ ባልዲውን እየደፉ ክረምቱን ለመግፋት አያስቡ። በጠፋው ውሃ ፈንታ ወደ ቦይለሩ የሚገባው አዲስ ውሃ ኦክስጅን ይዞ ይገባል፣ ብረቱን ከውስጥ የሚበላው እሱ ነው፤ ዛሬ በአንድ ርካሽ ዕቃ የሚድን ቦይለር በዚህ ዓይነት ዕድሜው ያጥራል።

ባለሙያ ሲጠሩ ያገኙትን ቁጥር በወረቀት ጽፈው ይስጡት፦ ሲቀዘቅዝ ስንት፣ ሲሞቅ ስንት፣ መጨመሪያው ተዘግቶ በስንት ሰዓት ስንት ደረሰ። ታንኩን እቀይራለሁ ካለ በምን እንዳረጋገጠ ይጠይቁት፤ መለኪያውን ሳይመለከት የሚመልስ ከሆነ አመስግነው ይሸኙት። ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኝበት በሞንትጎመሪ ካውንቲ የቧንቧና የጋዝ ሥራ ፈቃድ የሚሰጠው የውሃ ድርጅቱ ደብሊው ኤስ ኤስ ሲ ስለሆነ፣ ታንኩ የሚቀየር ከሆነ ፈቃዱን በስሙ የሚያወጣው ባለሙያው ራሱ መሆኑን በዋጋ ማቅረቢያው ላይ ያስጽፉ፤ «ያለ ፈቃድ ቢሆን ይረክሳል» የሚል ሰው ቤቱን በሚሸጡበት ጊዜ አብሮዎት አይቆምም። ለቤት ኢንሹራንስ ማመልከት ካሰቡም አሁኑኑ ፎቶ ያንሡ፣ ቀኑንም ይመዝግቡ፤ ብዙ ውሎች በድንገት የደረሰ ጉዳትን ይከፍላሉ እንጂ ለወራት ያንጠባጠበውን አይከፍሉም። አዲስ ታንክ መግዛትዎ ግድ ከሆነ ደግሞ በመስታወት መሰል ሽፋን የተለበጠው ዓይነት ውስጥ አኖድ የሚባል፣ ከታንኩ ብረት ቀድሞ እንዲበላ የሚደረግ የማግኒዥየም ወይም የአሉሚኒየም ዘንግ አለ፤ ሻጩን በየስንት ዓመቱ እንደሚታይ ጠይቀው፣ ሲገጠምም ዘንጉን አውጥቶ ለመቀየር የሚበቃ ክፍተት ከአናቱ እስከ ጣሪያው እንዲተውለት ያድርጉ።